ለፈተና የማይጠየቅ መጽሐፍ

አንድ ልጅ ከትምህርት ቤት ተመልሶ፥ የታዘዘውን ሥራ ከፈጸመ በኋላ፥ መምህሩ ያላዘዘውን የልብ ወለድ ታሪክ ይዞ በእንሰቱ ጥላ ሥር ቢቀመጥ፥ ይህ ልጅ ጊዜውን ሰረቀ ይባላልን? ወይስ የሚገባውን አደረገ? ጥያቄው ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። ነገር ግን በእምድብርና በአካባቢዋ፥ በሌላውም አገር ቢኾን፥ አባትንና ልጅን የሚያጣላ ነገር ስለ ኾነ፥ አንባቢዎቻችን ከእኛ ጋራ ጥቂት እንዲያስቡበት እንለምናለን።

አስቀድመን የአባትን ቃል እንስማ፤ አባት ያለ ምክንያት አይቈጣምና። የጉራጌ አገር ሰው የድካምን ዋጋ አጥብቆ ያውቃል። እንሰት ዛሬ ተተክሎ ነገ የሚበላ አይደለም፤ ችግኙ ከስፍራ ወደ ስፍራ እየተዛወረ ብዙ ዓመት ይጠበቃል፤ ከዚያም እናት ፍቃና ጨምቃ፥ በጕድጓድ ቀብራ ካቈየችው በኋላ ነው ቆጮ የሚኾነው። አባትም ብዙውን ጊዜ ዓመቱን በአዲስ አበባ ሲነግድ ከርሞ ለመስቀል ብቻ ይመለሳል። በእንዲህ ያለ ድካም የሚማር ልጅ ሰዓቱን በተረት ሲያሳልፍ ማየት ያሳዝነዋል። ይልቁንም በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች ኀምሳ ከመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 ከመቶ። ይህን የሰማ አባት «ልጄ ሆይ፥ የትምህርቱን መጽሐፍ ተውና ተረት አንብብ» ይል ዘንድ ማን ይጠብቃል?

እኛ ግን ያው ቍጥር ሌላ ነገርም ይናገራል እንላለን። ከመቶው ከዘጠና ስድስት የሚበልጡት ፈተናውን አላለፉም። እነርሱስ ዐሥራ ሁለት ዓመት ከመጽሐፍ ጋራ ውለው ሲወጡ ምን ይዘው ወጡ? ትምህርት ቤቱ «መጽሐፍ ማለት የፈተና መሣሪያ ነው» ብሎ አስተምሯቸው ከኾነ፥ ፈተናው በጣላቸው ቀን መጽሐፉም ከእጃቸው ይወድቃል፤ ከዚያም አልፎ መጽሐፍ ባዩ ቍጥር ውርደታቸው ይታወሳቸዋል። ከእነርሱ አንዱ ግን በልጅነቱ ሳይገደድ ማንበብን ለምዶ ከኾነ፥ ያ ሀብት ፈታኝ የማይወስድበት ሀብት ነው። በሱቅ ቢቀመጥ፥ የሊስትሮ ሣጥን ቢሸከም፥ በአባቱ ጓሮ ቢቀር፥ ማታ በመብራት ሥር የሚከፍተው በር አለው። ኀዘንም ሲያገኘው፥ እርሱ የተሰማውን ሌላ ሰው በሩቅ አገር፥ በሩቅ ዘመን እንደ ተሰማው ያነባልና ብቻውን አይኾንም። እንግዲህ የሚያልፉት ጥቂቶች መኾናቸው፥ ያልታዘዘውን ንባብ ለመከልከል ሳይኾን ለመፍቀድ ምክንያት ይኾነናል።

ሥራ መፍታትና ማረፍ አንድ አይደሉም። በአበው ዜና እንደሚነገረው፥ አባ እንጦንስ ከወንድሞች ጋራ ሲጫወት አንድ አዳኝ አይቶ በልቡ ነቀፈው። አባም ቀስቱን እንዲስብ አዘዘው፤ ዳግመኛ እንዲስብ፥ ሦስተኛም እንዲስብ ነገረው። አዳኙ «ከልክ በላይ ብስበው ይሰበራል» ባለ ጊዜ፥ የወንድሞችም ነገር እንዲሁ መኾኑን አስረዳው። ይህን ያስተማረ የበረሃ አባት ነው፤ ስንፍናን ይወዳል ብሎ የሚያማው የለም።

ነገር ግን ወደ ግብጽ በረሃ ሳንሄድ ከደጃችን ምሳሌ አለን። ወደ ጉራጌ መንደር የገባ እንግዳ አስቀድሞ የሚያየው ጀፎረን ነው፤ ይኸውም በሁለት ወገን በተሠሩት ቤቶች መካከል የተዘረጋ ሰፊ የሣር ጐዳና ነው። መሬት በጠበበበት፥ ለአንድ ረድፍ እንሰት እንኳ ወንድማማች በሚካሰስበት አገር፥ ይህን ያህል ስፍራ ሳይታረስና ሳይታጠር ይኖራል፤ ገፍቶ የሚያጥረውንም የአባቶች ሕግ ይከለክለዋል። አንድ ጠንቃቃ ሒሳብ ዐዋቂ ቢመጣ «ይህ ኹሉ ሜዳ ስንት እንሰት ያበቅል ነበር!» ብሎ ያዝን ይኾናል። ነገር ግን ልጆች የሚጫወቱት፥ ሽማግሎች የሚሸመግሉት፥ ለለቅሶና ለበዓል ሕዝብ የሚሰበሰበው በዚያ ነው። ጀፎረ ቢታረስ እንሰቱ ይበዛ ነበር፤ መንደሩ ግን መንደር መኾኑ ይቀር ነበር። አባቶች በመሬታቸው ያወቁትን ይህን ጥበብ እኛ በልጆቻችን ቀን ላይ ለምን እንረሳዋለን? ከንጋት እስከ ማታ ኹሉን ሰዓት በትምህርትና በማጠናከሪያ ትምህርት ያጠርንበት ልጅ ጀፎረ የሌለው መንደር ነው። ይህን ስንል ስለ ንባብ ብቻ አይደለም፤ ሥዕል መሣል፥ ክራር መምታት፥ ስፌት መስፋት፥ ኳስ መጫወትም በዚያው ሜዳ ላይ ስፍራ አላቸው።

በሐዋርያት ሥራ በምዕራፍ 8 የተጻፈውንም ኢትዮጵያዊ እናስታውስ። ሹመቱ በንግሥቲቱ ገንዘብ ላይ ነበር፤ ኢሳይያስን ማንበብ ከሥራው ወገን አልነበረም። ኾኖም ከኢየሩሳሌም ሲመለስ በሠረገላው ላይ ያነብ ነበር። ፊልጶስም ቀርቦ የጠየቀው የሚያነበውን ያስተውለው እንደ ኾነ ነው፤ ፈተናው መቼ እንደ ኾነ አልጠየቀውም።

«መጽሐፍ ኹሉ ግን ኢሳይያስ አይደለም» የሚሉን ካህናት ይኖራሉ፤ እውነታቸውን ነው። ቅዱስ አውግስጢኖስ በኑዛዜው፥ በልጅነቱ በግጥም ለተጻፈችው ለዲዶ ሞት እያለቀሰ ለገዛ ነፍሱ ግን አለማልቀሱን ጽፎ ራሱን ወቅሷል። ቅዱስ ባስልዮስ በበኩሉ ለወጣቶች በጻፈው ምክር የአረማውያንን መጻሕፍት ፈጽመው እንዲጥሉ አላዘዘም፤ ንብ ከአበባው የሚጠቅማትን ወስዳ የቀረውን እንደምትተው እንዲያደርጉ መከረ እንጂ። እኛ በዚህ ነገር ወደ ባስልዮስ እናዘነብላለን። ንብን ከቀፎ ዘግቶ መልካሙን አበባ ትለይ ዘንድ ማስተማር አይቻልምና። ለመጻሕፍቱ ጠባቂ ከመሾም ይልቅ፥ አብሮ የሚያነብና ስላነበበው ከልጁ ጋራ የሚነጋገር መምህር ይሻላል።

ከዚሁ አገር አንድ ምስክር እንጥራ። ደራሲው ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም የጉራጌ ልጅ ናቸው። የመንደራቸውን ኑሮ በቸሃ ቋንቋ፥ በእምድብር ገበያ በሚነገረው ቋንቋ ጻፉ፤ ፕሮፌሰር ቮልፍ ሌስላው ወደ እንግሊዝኛ መልሰውት በፈረንጅ አቈጣጠር በ1964 በአሜሪካ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ታተመ። ኋላም የቪክቶር ሁጎን ታላቅ ድርሰት «መከረኞቹ» ብለው ለዐማርኛ አንባቢ አቀረቡ። በዚያ ዘመን በቸሃ ቋንቋ የሚጠይቅ ፈተና አልነበረም፤ የመንደሩን ታሪክ እንዲጽፍ ያዘዘ መምህርም ቢኖር እንግዳ ነገር በኾነ ነበር። የተጠየቀውን ብቻ የሚያነብ ሰው የተጠየቀውን ብቻ ይጽፋል፤ እንዲህ ያለ መጽሐፍ ግን ማንም ካልጠየቀው ንባብ የተወለደ ይመስለናል።

አሁን ወደ ቤተ መጻሕፍቱ እንምጣ፤ አለዚያ ነገራችን ኹሉ ነፋስ ይኾናል። በብዙ ትምህርት ቤቶች መጻሕፍት አሉ፤ ቍልፍም አለ። ጠባቂው ክፉ ሰው ኾኖ አይደለም፤ መጽሐፉን ፈርሞ ተረክቧል፥ ቢጠፋ ይጠየቅበታል፥ ምናልባትም ከደመወዙ ይቈረጥበታል። ስለዚህ ከዓመት እስከ ዓመት ያልተነካ መጽሐፍ ለእርሱ ሰላም ነው፤ በዕቃ ቈጠራ ጊዜም ያስመሰግነዋል። እኛ ግን ይህን ምስጋና አንቀበለውም። ጥግና ጥጉ ሳይተላለቅ ያረጀ መጽሐፍ ካልተነበበ፥ ከጠፋው መጽሐፍ የሚሻለው በምንድር ነው? ጠፋ የተባለው እንኳ በአንድ ቤት ተቀምጦ ይነበብ ይኾናል። አቶ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ በፈረንጅ አቈጣጠር በ2003 በአዲስ አበባ በሾላ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ከከፈቱ በኋላ፥ በሐዋሳ መጻሕፍትን አህያ በምትስበው ጋሪ አስጭነው ወደ ልጆቹ ላኩ። በጋሪ ላይ የተጫነ መጽሐፍ አቧራና ዝናብ እንደሚያገኘው ያጡት አይመስለንም።

የጠባቂው ፍርሃት እንዲወገድ፥ በየዓመቱ ጥቂት መጻሕፍት እንደሚጠፉ አስቀድሞ ታውቆ በሒሳብ ይያዝለት፤ የጠፋውም ከእርሱ ደመወዝ አይጠየቅ። ከኹሉ ይልቅ ግን ስለ ክረምቱ እንነጋገር። ከሐምሌ ጀምሮ ትምህርት ቤቱ ይዘጋል፤ ዝናቡ ልጆቹን በቤት ያውላቸዋል፤ ጊዜም በእጃቸው የሚበዛው ያን ጊዜ ነው፤ ቤተ መጻሕፍቱ የሚዘጋውም ያን ጊዜ ነው። በሳምንት ሁለት ከሰዓት በኋላ የሚከፍት አንድ መምህር፥ ወይም አንድ ካህን፥ ወይም ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ለክረምት የተመለሰ አንድ ወጣት አይጠፋም። ርእሰ መምህሩ ሰኔ ሳያልቅ ቍልፉን ለማን እንደሚሰጥ ይወስን።