ከንፈር መምጠጥና ግዴታ

በጨለማ አዳራሽ ተቀምጦ ለማያውቀው ሰው መከራ የሚያለቅስ ተመልካች በማልቀሱ ብቻ ደግ ሰው ሊባል ይገባዋልን? ጥያቄው የኪነጥበብን ተግባር ከሥሩ የሚነካ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1933 መሐመድ ከሪም ያዘጋጀውና ዝነኛው ድምፃዊ መሐመድ አብደል ወሃብ የተጫወተበት «ነጭ ጽጌረዳ» የተሰኘ ፊልም በካይሮ ለሕዝብ ቀረበ። ያን ጊዜ ድምፅ ያለው የዐረብኛ ፊልም ከተጀመረ ገና ሁለተኛ ዓመቱ ነበር። በታሪኩ አንድ ድሃ ሠራተኛ የአሠሪውን ልጅ ይወዳል፤ እርሷም ትወደዋለች፤ አባቷ ግን እንዲተዋት ይጠይቀዋል። ወጣቱ በዘፋኝነት ዝናን ቢያተርፍም ፍቅሩን ይሠዋል።

ድምፅ አልባው ፊልም ለሁሉም እኩል ዲዳ ነበር። ድምፅ ሲመጣ ግን ተበዳዩ በተመልካቹ ቋንቋ ተናገረ፤ በተመልካቹ ዜማም አንጎራጎረ። «የባዕድ መከራ ነው» የሚል ማመካኛ በዚያው አከተመ። ይሁን እንጂ ፊልሙ ሀብታምንና ድሃን የሚለየውን ግድግዳ ካሳየ በኋላ እንደ ዕጣ ፈንታ ይተወዋል፤ የወጣቱን መሥዋዕትነት ሲያወድስ መሥዋዕትነቱን ግድ ያደረገውን ሥርዓት አይመረምርም። ተመልካቹም ከንፈሩን መጥጦ፣ እንባውን ጠርጎ፣ ዕዳውን የከፈለ መስሎት ወደ ቤቱ ይገባል።

ይህ ሲባል እንባ ይናቅ ማለት አይደለም። ልቡ ያልተነካ ሰው ለሌላው የሚነሣበት ምክንያት የለውም። የኀዘን ዋጋ የሚለካው ግን ከኀዘኑ በኋላ በሚከተለው ሥራ ነው።

ለዚህም የነቀምቴ ታሪክ ምስክር አለው። አስቴር ጋኖ በባርነት ወደ ዐረብ አገር ስትጋዝ እ.ኤ.አ. በ1886 ነፃ ወጥታ፣ ምፅዋ አጠገብ በሚገኘው የእምኩሉ ትምህርት ቤት ገባች። ሕይወቷ ለአንድ አሳዛኝ ፊልም ይበቃ ነበር። ለእርሷ ያዘኑላት ሰዎች ግን በማዘን ብቻ አልቀሩም፤ አስተማሯት። እርሷም በበኩሏ በቃሏ የያዘቻቸውን የኦሮሞ ተረቶችና ዘፈኖች ጽፋ አቆየች። እንደ እርሷ በልጅነቱ የባርነትን ቀንበር ከቀመሰው ከኦነሲሞስ ነሲብ ጋር ሆና እ.ኤ.አ. በ1894 የታተመውን የኦሮምኛ ማንበቢያ አዘጋጀች፤ እ.ኤ.አ. በ1899 በግዕዝ ፊደል ለታተመው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስም ብዙ ደከመች። በ1904 ሁለቱም ነቀምቴ ደርሰው ማስተማር ያዙ።

በነቀምቴ ልጆች ፊት የቆመችው አስቴር የራሷን መከራ ማስለቀሻ አላደረገችውም፤ የተቀበለችውን ርኅራኄ በሕዝቧ ቋንቋ ወደ ዕውቀት ለውጣ አስተላለፈችው እንጂ። ደራሲውም፣ ተዋናዩም፣ መምህሩም ከዚህ የሚማሩት አለ። ተመልካቹን ማስለቀስ የሥራቸው እኩሌታ ነው። ቀሪው እኩሌታ ተመልካቹ መብራቱ ሲበራ፣ ከጎኑ የተቀመጠውን ድሃ እንዲያየውና ምን እንደሚገባው እንዲጠይቅ ማድረግ ነው።