ብቻን መሸሽ ፍቅርን ማጕደል ነውን?

በጭንቅ ጊዜ ወዳጁን ትቶ የሚሮጥ ሰው ከዳተኛ ይባላል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ሲባል ሰምቶ ያደገ ሁሉ፥ ልጁን ሳይጠብቅ ነፍሱን ያዳነውን አባት ይነቅፈዋል እንጂ አያመሰግነውም። ዳሩ ግን በጃፓን አገር፥ ሳንሪኩ በሚባለው የሰሜን ምሥራቅ ባሕር ዳርቻ የሚኖሩ ሰዎች ይህንኑ የሚነቀፈውን ነገር ለልጆቻቸው ያስተምራሉ። ትምህርቱም «ሱናሚ ቴንዴንኮ» ይባላል፤ ይኸውም ሱናሚ በመጣ ጊዜ እያንዳንዱ ለየብቻው ወደ ከፍታ ይሽሽ ማለት ነው።

ቃሉን የወለደው ሐዘን ነው። ሱናሚ አብዛኛውን ጊዜ ከባሕር በታች ያለው ምድር ሲናወጥ የሚነሣ ማዕበል ነው፤ በጥልቁ ባሕር ላይ በአንድ ሰዓት ከ700 ኪሎሜትር በላይ ይጓዛል፤ ወደ ዳርቻ ሲቀርብም ፍጥነቱ ይቀንሳል፥ ቁመቱ ግን ይጨምራል። በሳንሪኩ በ1888 ዓ.ም. (በፈረንጆች 1896) 22,000 ያህል ሰዎች፥ በ1925 ዓ.ም. (በፈረንጆች 1933) ደግሞ 3,000 ያህል ሰዎች አለቁ። ልጁን ሊፈልግ፥ ወላጁን ሊያወጣ ተመልሶ አብሮ የሰጠመም ነበር። ያን ጊዜ ፍቅር ራሱ ወጥመድ ሆነ።

የሱናሚን ታሪክ የጻፉት ያማሺታ ፉሚዮ በ1925ቱ ጥፋት ገና ልጅ ነበሩ። አባታቸው የልጃቸውን እጅ ሳይዙ ብቻቸውን ሸሹ። በኋላም እናታቸው ስለዚህ ነገር ቢወቅሷቸው፥ አባት ያው ቴንዴንኮ ነው ብለው መለሱ። እንግዲህ ከሁለቱ እውነት ከማን ጋር ናት?

የቅኔ ተማሪ እንደሚያውቀው፥ ቃል ሰምና ወርቅ አለው። የቴንዴንኮ ሰሙ «ራስህን አድን» ነው፤ ወርቁ ግን «እኔም እንደምሸሽ እመነኝና ስለ እኔ አትመለስ» ነው። ይህ መተማመን በሰላሙ ቀን ካልተነጋገሩበት በጭንቁ ቀን አይገኝም። ስለዚህ ሳይነጋገር የሸሸ ሰው ሰሙን ብቻ ይዟል፤ የእናቲቱም ወቀሳ ተገቢ ነው። አስቀድሞ ተማክሮ የሸሸ ግን የወዳጁን መመለስ፥ ማለት የወዳጁን ሞት፥ አስቀርቷል።

ይህም በካማይሺ ከተማ ታየ። ካታዳ ቶሺታካ የተባሉ የዩኒቨርሲቲ መምህር ከከተማው አስተማሪዎች ጋር ሆነው ልጆቹን ለዓመታት አስተምረው ነበር፤ ልጆቹም ለወላጆቻቸው፥ እኔ በርግጥ እሸሻለሁና እናንተም ሳትጠብቁኝ ሽሹ ብለው እንዲነግሩ አሳሰቧቸው። መጋቢት 2 ቀን 2003 ዓ.ም. (በፈረንጆች 2011) ምድር በተናወጠች ጊዜ፥ በባሕሩ አጠገብ ያለው ትምህርት ቤት ጐረምሶች ወደ ከፍታ ሮጡ፤ የጎረቤቱ ትምህርት ቤት ሕፃናትም አይተው ተከተሏቸው። ታላላቆቹ የታናናሾቹን እጅ ይዘው፥ መጀመሪያ የደረሱበት ስፍራ እንደማያስተማምን ባዩ ጊዜ ከዚያ አልፈው ወጡ። በከተማው ከ1,000 በላይ ሰው ሲሞትና ሲጠፋ፥ ወደ 3,000 ከሚጠጉት ተማሪዎች ከጥቂቶች በቀር ሁሉ ዳኑ።

ሆኖም መሮጥ የማይችል ሽማግሌና የአልጋ ቍራኛ ምን ይሁን? በዚያው ቀን የባሕሩን መዝጊያ ሊዘጉ፥ ደካሞችንም ሊያወጡ የቀሩ ብዙ የበጎ ፈቃድ እሳት አጥፊዎች ሞቱ። እነዚህን ሞኞች የሚል ልብ የለውም። ነገር ግን ለሚመጣው ዘመን የእነርሱ ሞት የሚያስተምረው፥ ደካማው ቤቱ በከፍታ ላይ እንዲሆን፥ ማን ማንን እንደሚሸከም፥ እስከ ስንት ደቂቃም እንደሚጠበቅ አስቀድሞ መቍረጥ እንደሚገባ ነው። ይህ ሳይደረግ ቀርቶ የጥቂቶችን ጀግንነት ማመስገን የብዙዎችን ስንፍና መሸፈኛ ይሆናል።

ስለዚህ በባሕር ዳር የሚኖር ሰው ይህን ይወቅ። ጽኑ ወይም የሚረዝም መናወጥ ራሱ ደወል ነውና ሌላ ደወል አይጠብቅ። ባሕሩ ሳይሸሽም ማዕበል ሊመጣ ይችላልና ሊያይ አይውረድ። ሩቅ ከመሄድ ይልቅ ከፍ ማለትን ይምረጥ። የመጀመሪያው ማዕበል ቢመለስም ሁለተኛው ሊበልጥ ይችላልና እስኪፈቀድ ድረስ ወደ ቤቱ አይመለስ። ከሁሉ በፊት ግን ዛሬውኑ ከቤተ ሰዎቹ ጋር ተቀምጦ፥ ወዴት እንደሚሸሹና በኋላ የት እንደሚገናኙ ይምከር፤ ይህን ያደረገ ሰው ብቻውን ቢሮጥ ማንንም አልተወም።