የዘገየ ሁሉ ሰነፍ ነውን?

በእንግሊዝ አገር በአሮጌ ቤቶች ግንብ ላይ እየተጠመጠመ የሚወጣ፣ አበባው እንደ ወይን ዘለላ ወደ ታች የሚንጠለጠል ሐረግ አለ። ስሙ ዊስተሪያ ይባላል። ከቻይና ወደዚያ አገር የገባው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1816 ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚያብበው በሜይ ወር ሲሆን፣ ጸደዩ ሲቀዘቅዝ ግን ቀኑን ያሳልፋል። (በዚያ አገር ጸደይ የሚባለው ከክረምቱ ብርድ በኋላ የሚመጣው ነው እንጂ፣ ዐደይ አበባ የምናይበት የእኛ መስከረም አይደለም።) በ2013 የነበረው የማርች ወር ከ1962 ወዲህ ያልታየ ብርድ ስለ ነበረበት የጸደይ አበቦች በብዙ ቦታ ዘገዩ።

ይህን ማንሣታችን ያለ ምክንያት አይደለም። ከአገራችን ወጥቶ በ16 ዓመቱ ቋንቋ ሳያውቅ ለንደን የገባ ወጣት፣ እዚያው ከተወለደ እኩያው ጋር በአንድ ፈተና ይመዘናል። ዘመድ አዝማዱም «የእገሌ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ አንተስ?» ይለዋል። እንግዲህ ለመዘግየቱ ተጠያቂው ማን ነው?

ሐረጉን ቀረብ ብለን ብንመረምር ነገሩ እንደሚመስለው ቀላል አይደለም። በሜይ የሚፈካው እንቡጥ የሚያዘው ባለፈው ዓመት የሙቀት ወራት ነው። በዚያን ጊዜ ውሃ ካጣ በሚቀጥለው ዓመት አበባው ያንሳል። ስለዚህ ዛሬ አይተን የምናመሰግነው ወይም የምንነቅፈው፣ አብዛኛውን የአምናውን ሥራ ነው። ከዘር የበቀለ ከሆነ ደግሞ የመጀመሪያ አበባውን ለማየት እስከ 20 ዓመት ሊያስጠብቅ ይችላል፤ ይህም ጠባዩ እንጂ በሽታው አይደለም። ቸኩሎ ያቆጠቆጠም ሁሉ አያተርፍም። በ2021 የኤፕሪል ወር በብሪታንያ የወረደው ውርጭ በ60 ዓመት ውስጥ ለዚያ ወር ከፍተኛው ነበር፤ ውርጭ ደግሞ ይበልጥ የሚጎዳው ቀድሞ የተከፈተውን ለስላሳ እንቡጥ ነው።

ነገር ግን «ብርዱ ነው» የሚለው መልስ ሁሉን አይፈታም። ማዳበሪያ የበዛበት ሐረግ ቅጠሉ ብቻ ይለመልማል፤ አበባ የለውም። ይህ ጥጋብ ነው። ሁሉ ተሟልቶለት «ጊዜዬ ገና ነው» የሚል ሰውም አይጠፋም።

ከዚህም የሚከብድ አለ። ሐረግ አይወቀስም፤ ፈቃድ የለውምና። ወጣቱን «ምን ያድርግ፣ ብርድ መታው» ብለን ፈጽሞ ነጻ ብናወጣው ያከበርነው ይመስለናል፤ ዳሩ ግን ከሐረጉ ጋር እኩል አድርገነዋል። አሳብና ፈቃድ ያለው ሰው ነው ካልን አንድ ነገር ልንጠይቀው ይገባል። በእኛ አስተያየት ሊጠየቅ የሚገባው በብርዱ ውስጥ ሆኖ ስላደረገው ነው። ማታ ማታ ሥራ እየሠራ ቀን ቋንቋ መማሩ በፈተና ወረቀት ላይ አይታይም፤ ጠይቆ ካልሰሙት በቀር የሚያውቅለት የለም።

ስለ አትክልተኛውም እንጨምር። ዊስተሪያ በዓመት ሁለት ጊዜ ይከረከማል፤ አንዱ በጁላይ ወይም በኦገስት፣ ሌላው በጃንዋሪ ወይም በፌብርዋሪ። በብርዱ ወራት ሐረጉ ደረቅ እንጨት ይመስላል። የአበባው እንቡጥ ወፈር ያለ፣ የቅጠሉ ቀጠን ያለ ነው፤ ሳይለይ የቆረጠ ሰው አበባውን በገዛ እጁ ጥሎ በሜይ ወር ብርዱን ይከስሳል።

ልጁን በ17 ዓመቱ «ትምህርት አልሆነህም፤ ሥራ ፈልግ» ብሎ ያስወጣ ወላጅስ? እርሱም የቤት ኪራይ አለበት፤ ጨካኝ ነው ብለን ልናልፈው አይቻለንም። ሐረጉን 20 ዓመት የሚጠብቅ ሰው ግንቡ የራሱ ነው። እንግዲያስ ይህ አባት ስንት ዓመት መጠበቅ ይገባዋል? በዚህ ነጥብ በውይይታችን አልተስማማንምና የአባላትን አሳብ በጽሑፍ እንጠብቃለን።