የጁምዓ ማስታወሻ፦ በጉ የሄደባት ኤሊ



ምስጋና ሁሉ ለአላህ የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በሰሓቦቻቸው ላይ ይሁን።

ውድ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ የዛሬው ነገር የሚጀምረው ከአንዲት ኤሊ ነው። እዚህ መቱ በኦሮምኛ «ቆጫ» የምንላት ናት። እንዳትስቁ። ምናልባት አንዳንዶቻችሁ ቪዲዮዋን አይታችኋል።

ከአረፋ በኋላ በሁለተኛው ሳምንት ነው። ከዐሱር ሰላት በኋላ ያለው ደርስ አልቆ ልጆቹ ሲበተኑ አንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ጫማውን ሲፈልግ ቆየ። ጫማው እግሩ ሥር ነበር። ሰው ሁሉ ሲወጣ ጠጋ አለና፣

«ኡስታዝ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት? ግን እንዳይስቁብኝ» አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አጎቱ በጎሬ በኩል ወደ ጋምቤላ የሚመላለስ ሹፌር ነው። ከአምስት ዓመት በፊት ቆላው ውስጥ መንገድ ላይ ያገኛትን ኤሊ አንስቶ ለልጆቹ አመጣላቸው። መጀመሪያ አያቱ ማድቤት ውስጥ ነበር የምታድረው። ከሁለት ዓመት በፊት ለኡዱሒያ እንዲያድግ ግልገል ተገዛና ጉረኖ ተሠራለት። ኤሊዋም ወደዚያው ተዛወረች። ግልገሉ ሲተኛ ሆዱ ሥር ትወሸቃለች። ሲነሳ ከኋላው ትከተላለች። እሱ የሚያንጠባጥበውን ጎመንና የስኳር ድንች ቅጠል እየለቀመች ትውላለች። በጉ አድጎ ሙክት ሲሆን ቀንዱን አጥር ላይ ሲያሽ እሷ አጠገቡ ቆማ ትጠብቀዋለች፣ አለኝ ልጁ። ይህን ሲናገር ፊቱ ፈካ ብሎ ነበር።

በአረፋ ጠዋት በጉ ታረደ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኤሊዋ ጉረኖው ጥግ ተቀምጣ አንገቷን ከድንጋዩዋ አታወጣም። ጎመን ቢሰጧት አትነካም። ታላቅ ወንድሙ ይህን በስልኩ ቀረጸና የሚያስለቅስ ዜማ ከላዩ ጨምሮ ቲክቶክ ላይ ለቀቀው። ብዙ ሰው አየው። ከታች ግን አስተያየቱ ሌላ ሆነ። «ጓደኛዋን አረዱባት!» «እነዚህ ሰዎች ልብ የላቸውም!» የባሰም ነበር፤ አልደግመውም።

«ኡስታዝ፣ ኡዱሒያችን በደል ነበር እንዴ? ደግሞ እኔ ሳያት አለቀስኩ። ወንድሜ ለእንስሳ የሚያለቅስ ኢማኑ የደከመ ነው አለኝ።»

ከሁለተኛው ጥያቄ ጀመርኩለት፤ ቀላሉ እሱ ነው። የአነስ ኢብኑ ማሊክ (ረ.ዐ) ታናሽ ወንድም የሆነ አቡ ዑመይር የሚባል ሕፃን ነበር። የሚጫወትባት ትንሽ ወፍ ነበረችው። አንድ ቀን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ወደ ቤታቸው ሲገቡ ሕፃኑ አዝኖ አገኙት። ምን ሆነ ብለው ጠየቁ። ወፏ ሞታበት ነው ተባሉ። በዚያን ጊዜ የመዲና ጉዳይ ሁሉ በእሳቸው ትከሻ ላይ ነው። ነገር ግን ልጁ ጋ ተቀመጡ፣ በኩንያው ጠሩት፣ ስለ ወፉ ቤት በሚመታ የጨዋታ ቃል ጠየቁት። ሐዲሱ ቡኻሪና ሙስሊም ውስጥ አለ። ኢብኑል ቃስ የሚባሉ በ335 ሂጅራ ያለፉ የሻፊዒያ ዓሊም ከዚህች አጭር ሐዲስ 60 ቁም ነገሮች አውጥተው ራሱን የቻለ ጽሑፍ ጽፈውባታል። መድረሳ እያለን ኡስታዛችን ይህን ሲነግሩን «ስድሳ?» ብዬ በልቤ ተጠራጥሬ ነበር። አሁን ያን ልጅ ሳየው 61ኛውን የጨመርኩ መሰለኝ፦ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለወፍ አታልቅስ አላሉትም።

የመጀመሪያው ጥያቄ ከበድ ይላል። ወጣቶች ስለሆናችሁ፣ ይህን ጥያቄ ከማያምን ሰው ሰምታችሁ ዝም ያላችሁ ብዙ እንደሆናችሁ አውቃለሁ። ሁለት ቀንዳም በጎችን በገዛ እጃቸው ያረዱት ነቢይ (ሰ.ዐ.ወ)፣ እነዚያው ነቢይ አላህ በሁሉም ነገር ላይ ኢሕሳንን እንደደነገገ አስተምረዋል። ስታርዱ ስለታችሁን አሰሉ፣ የምታርዱትንም አታሰቃዩ ብለው ያዘዙት እሳቸው ናቸው፤ ሙስሊም ከሸዳድ ኢብኑ አውስ (ረ.ዐ) ዘግቦታል። አንድ ሰው በጉን አጋድሞ፣ በጉ እያየው ቢላ ሲስል ባዩት ጊዜም ደጋግመህ ልትገድለው ነው ወይ ብለው ገሠጹት። ዑለማዎችም አንዱን እንስሳ በሌላው ፊት ማረድን ጠልተዋል። አራጁ እጅ ላይ ርኅራኄ እንዲኖር ያዘዘው ያው ዲን ነው ማለት ነው።

ከዚያ ልጁን ጠየቅኩት፦ «ቢላው የት ተሳለ?»

መሬት መሬት አየ። ቢላው የተሳለው ጉረኖው በር ላይ ባለው ድንጋይ ነው። በጉ ታስሮ እያየ። ኤሊዋም እዚያው ነበረች።

«በደል የምትፈልግ ከሆነ እዚያ ላይ ፈልግ» አልኩት። «ኡዱሒያው ኢባዳ ነው። አደራረጉ ላይ ግን ኢስቲግፋር አድርጉ፤ ለሚመጣው ዓመት ድንጋዩን ከጉረኖው አርቁት።» ከአስተያየት ሰጪዎቹ ስንቱ ያን ቀን ጥብስ በልቶ እንደዋለ አላህ ነው የሚያውቀው። የእነሱ ግብዝነት ግን የእኛን ስህተት አያጥበውም።

ነገሩ እዚህ ቢያልቅ ይህን አልጽፍላችሁም ነበር።

በማግስቱ በእንስሳት ጤና የሚሠራ አንድ ወንድማችንን ይዤ ወደ ልጁ ቤት ሄድኩ። ሲዘንብ አድሯል፤ እየዘነበም ነበር። የኢሉባቦርን ዝናብ ለማያውቅ መንገር ይከብዳል። ጎሬ በአገራችን ብዙ ዝናብ ከሚያገኙ ቦታዎች አንዷ ናት፤ እኛም ከእሷ ብዙ አንርቅም። ጉረኖው ውስጥ ጭቃው ከጫማ በላይ ነው። ሐኪሙ ጎንበስ አለና እጁን ከኤሊዋ ሆድ ሥር አስገባ። ወዲያው ቀና ብሎ አየኝና፣

«በረዶ ናት» አለ።

ከዚያ አስረዳን። ኤሊ እንደ እኛ፣ እንደ በግም፣ የራሷን ሙቀት ከውስጧ አታመነጭም። ከፀሐይ ወይም ካገኘችው ሙቅ ነገር ትወስዳለች። ሰውነቷ ሲቀዘቅዝ አንጀቷም ይዘገያል፤ መብላት ታቆማለች፣ ትደነዝዛለች። ይህች ደግሞ የቆላ ፍጥረት ናት። ጋምቤላ ከባሕር ወለል 500 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ መቱ 1,600 አካባቢ። የጤነኛ በግ ሰውነት 39 ዲግሪ ያህል ይሞቃል። ሁለት ክረምት ሙሉ ሌሊት ሌሊት እያሞቀ ያቆያት በጉ ነበር። በጉ ሲሄድ ሣሩም ተነሣ፣ ሙቀቱም ሄደ፣ የሚንጠባጠበው ቅጠልም ቀረ። ዝናቡ ብቻ ቀረ።

ሱብሓነላህ። አሥራ አንድ ቀን ሙሉ አንዱ አለቀሰላት፣ ሌላው ቀረጻት፣ ሺህ ሰው ተከራከረባት። እጁን ከሆዷ ሥር ያስገባ አልነበረም። እኔም ሐዲስ ስቆጥር ነበር።

አላዘነችም እያልኩ አይደለም። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል አንዓም 38ኛ አንቀጽ ላይ በምድር የሚሄዱትም በክንፍ የሚበሩትም እንደ እናንተው ሕዝቦች ናቸው ብሎ ነግሮናል። በውስጣቸው ያለውን የሚያውቀው እሱ ነው። ኬንያ ውስጥ፣ ሞምባሳ አጠገብ በሚገኘው ሃለር ፓርክ የሆነውን ፎቶ ብዙዎቻችሁ አይታችሁ ይሆናል። በታኅሣሥ 1997 (በአውሮፓውያን ዲሴምበር 2004) ሱናሚው በመታ ጊዜ እናቱን ያጣ ኦወን የተባለ የጉማሬ ግልገል ከባሕሩ ዳር በመረብ ተይዞ ወደዚያ ተወሰደ። እንደደረሰ ሄዶ የተጠጋው 130 ዓመት ገደማ ይሆናታል ወደተባለች «ምዜ» ወደምትባል ግዙፍ ኤሊ ነው። በስዋሂሊ «ሽማግሌ» ማለት ነው፤ ወንድ ስለሆነ ምዜ «የተባለ» ልበል። መጀመሪያ ኤሊው ይሸሸው ነበር። ግልገሉ እየተከተለ ሲያስቸግረው ተወው፤ ከዚያ አብረው መተኛት፣ አብረው መብላት ጀመሩ። ኦወን በምዜ ልብ ውስጥ ምን እንዳየ አናውቅም። የሚደገፉበት ጀርባ እንዳገኘ ግን በዓይን ይታያል።

አሁን ጁምዓ ነውና ወደ መስጂድ ልመልሳችሁ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ኹጥባ ሲያደርጉ አንድ የተምር ግንድ ይደገፉ ነበር። ሚንበር ተሠራላቸውና ግንዱን ትተው ወደዚያ ወጡ። ግንዱ አለቀሰ። ሰሓቦቹ ድምፁን በጆሯቸው ሰሙ። ቡኻሪ ከጃቢር (ረ.ዐ) ዘግቦታል። ሐሰን አል-በስሪ ይህን ሲያወሩ ያለቅሱ ነበር፤ ብዙ ኸጢቦችም ስለ ግንዱ ልቅሶ ይነግሩናል። እኔ ግን ከዚያ ቀጥሎ ያለውን ልያዝ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከሚንበሩ ወረዱ። ሄደው ግንዱን አቀፉት፤ እንደሚባበል ሕፃን እያለ ዝም እስኪል ድረስ። የሚያለቅሰውን ከላይ ሆነው በንግግር አላጽናኑም።

በግመሉም ሐዲስ እንዲሁ ነው። እሳቸውን አይቶ ያነባውን ግመል ሄደው ጆሮ ግንዱን ዳበሱት፤ ሲረጋጋ ባለቤቱ ማን ነው አሉ። ከአንሷር የሆነ ወጣት መጣ። ግመሉ እንደሚራብና ከአቅሙ በላይ እንደሚደክም ነገሩት። መጀመሪያ እጅ፣ ከዚያ «ምን ጎደለው?» የሚል ጥያቄ።

ይህን ስጽፍ የሚከነክነኝ ነገር ስላለ ልናገረው። ባለፈው ዓመት ከሰፈራችን አንድ አባት ወደ አኼራ ሄዱ። ሦስት ቀን ተዕዚያ ተቀመጥኩ፤ ስለ ሶብር ተናገርኩ፤ ሰው አለቀሰ፤ «ጀዛከላሁ ኸይር ኡስታዝ» ተባልኩ። በአምስተኛው ሳምንት ባለቤታቸው ራሳቸውን ስተው ወደቁ። የደም ግፊት መድኃኒታቸውን በየወሩ ከሆስፒታል የሚያመጡላቸው ባላቸው ነበሩ። እሳቸው ሲሞቱ የሚያመጣ ጠፋ። እናታችን ደግሞ ዒዳ ላይ ስለሆኑ ለመድኃኒትም ቢሆን መውጣት ሐራም መስሏቸው ቤት ተቀመጡ። ለእንዲህ ያለ ጉዳይ መውጣት እንደሚፈቀድ እኔ አውቃለሁ። ሦስት ቀን ቤታቸው ተቀምጬ አልነገርኳቸውም። አልጠየቅኩማ። አልሐምዱሊላህ፣ ዛሬ ደህና ናቸው።

ለኤሊዋ ሐኪሙ ያዘዘው ብዙ አይደለም። ከጭቃው ትውጣ፣ ደረቅ ሣር ይነጠፍላት፣ ከጭስ ራቅ ያለ ሙቅ ቦታ ትሁን፣ ለብ ያለ ውኃ በሰፊ ሳሕን ጥቂት ደቂቃ ትነከር፤ ጎመንና ቅጠል እንጂ ዳቦ አትስጧት። ከአፍንጫዋ አረፋ ከወጣ ጥሩኝ ብሎ ሄደ። (ሌሎቻችሁ ደግሞ አሁን ተነሥታችሁ ሹፌሮችን ኤሊ አምጡልን እንዳትሉ። የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ መያዝ በሕግ የተከለከለ ነው። የድመቷን ሴትዮ ሐዲስም ታውቃላችሁ፤ አስራት አላበላቻትም፣ ሄዳ እንድትበላም አልለቀቀቻትም።)

ልጁ ትናንት ማታ የድምፅ መልእክት ላከልኝ። ኤሊዋ ወደ አያቱ ማድቤት ተመልሳለች፤ ጎመን በልታለች። በበጉ ጊዜ እንደነበረችው ግን አትከተልም፣ አለ፤ አንዳንዴ ወደ ጉረኖው በር ሄዳ ትቆማለች። አያቱ ለሱብሒ ሲነሱ በጨለማ እየተደናቀፉባት ስለተቸገሩ አሁን ማድቤት የሚገቡት ባትሪ ይዘው ነው። ታላቅ ወንድሙም ቪዲዮውን አጥፍቶ ሣር እያመጣ ነው ብሎኛል።

እኔ ነገ ጠዋት ሆስፒታል እሄዳለሁ። የእናታችን የወሩ መድኃኒት የሚወሰድበት ቀን ነው።

ጁምዓ ሙባረክ።