ክራራችሁን ራሳችሁ ቃኙ

ልጆቼ፣ ዕድሜዬን የፈጀሁት ክራር በማስተማር ነው። ጡረታ ከወጣሁ በኋላም የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ዛሬ እነሱም መምህራን ሆነው፣ "እስቲ መጥተው ይዩልኝ" እያሉ ልጆች ወደሚያስተምሩበት ቤት ይወስዱኛል። ሰሞኑን በየቤቱ የማየውን ነገር ግን ዝም ብዬ ማለፍ አቃተኝ። ተማሪው ክራሩን ከቦርሳው ያወጣል፤ ለመምህሩ ያቀብላል፤ መምህሩ ቃኝቶ እስኪጨርስ ስልኩን ይነካካል። ተቃኝቶ ሲመለስለት ይደረድራል። ሰዓቱ ሲሞላ ክራሩ ቦርሳው ውስጥ ይገባና እስከሚቀጥለው ቅዳሜ አይወጣም። ይህ የአንድ ሰነፍ ልጅ ጠባይ ቢሆን ለእናቱ ነግሬ እተወው ነበር። ነገር ግን የስምንት ዓመቱም ልጅ፣ ዩኒቨርሲቲ የጨረሰውም ወጣት፣ ትዳር ይዞ "በልጅነቴ ያመለጠኝን ልማር" ብሎ የመጣውም እንዲሁ ሆኖ አገኘሁት።

ለልጆቻችሁ መምህር ቀጥራችሁ ሙዚቃ ማስጀመራችሁን እወደዋለሁ። በእኛ ጊዜ ክራር ይዞ የተገኘ ልጅ የሚገረፍበት ቤት ጥቂት አልነበረም። እናንተ ከደመወዛችሁ ቀንሳችሁ መምህር ታመጣላችሁ፤ እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ቅሬታዬ ከዚያ በኋላ ባለው ላይ ነው። የሙዚቃ ትምህርት የሚጀመረው በመቃኘት ነው፤ እናንተ ግን መቃኘትን ከትምህርቱ አውጥታችሁ የመምህሩ የጓዳ ሥራ አድርጋችሁታል።

ነገሩን በቅርብ እንየው። ስድስት ክር ካለው ክራር አምስቱ ክሮች የቅኝቱን አምስት ድምፆች ይይዛሉ፤ ስድስተኛው አንደኛውን ድምፅ በኦክታቭ ይደግማል። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ የሚባሉት ቅኝቶች የሚለያዩት በእነዚህ ድምፆች መካከል ባለው ርቀት ነው። ትዝታ ሜጀር የተቃኘ ክራር ወደ ትዝታ ማይነር እንዲሄድ ከተፈለገ ሦስተኛውና አምስተኛው ድምፅ በግማሽ ድምፅ ዝቅ ይላሉ። ሌላው ባለበት ይቀመጣል። እነዚያን ክሮች በገዛ እጁ ያላላ ልጅ፣ ቅድም ደስ ብሎት የነበረው ዜማ ቀስ እያለ ሲተክዝ ይሰማል፤ ትካዜው የመጣው ከየት እንደሆነም ያውቃል። ተቃኝቶ የተሰጠው ልጅ ደግሞ ሁለት የተለያዩ ዘፈኖች የተማረ መስሎት ወደ ቤቱ ይሄዳል። ሁለቱም እኩል ገንዘብ ከፍለዋል።

እኔን ክራር ያስተማሩኝ ሰውዬ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ አንዲት ክፍል ቤት ነበረቻቸው። ገና ስገባ የእናቴን ጤንነት ይጠይቁኛል፤ ቀጥለው ክራሩን ከእጄ ይቀበሉና ስድስቱንም ክር አላልተው ይመልሱልኛል። "በል እንግዲህ" ብለው ወደ ግድግዳው ይደገፋሉ። የዚያን ጊዜው ክራራችን እንደ ዛሬው ጊታር የሚጠመዘዝ መቃኛ አልነበረውም። ክሩ ከቁራጭ ጨርቅ ጋር ቀንበሩ ላይ ይጠመጠማል፤ ጨርቁን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ጨብጦ ማዞር ነው። ጥቂት ሲጠብቅ ይንሸራተታል፣ እንደገና ይያዛል፣ ጣት ይላጣል። አንዱን አስተካክዬ ወደ ሌላው ስሻገር የመጀመሪያው ላልቶ ይጠብቀኛል። እንባዬ እየመጣ ቀና ብዬ ባያቸው ዓይናቸውን ጨፍነዋል። "መጀመሪያ አንጎራጉር" ይሉኛል፤ "ጉሮሮህ ያላገኘውን ድምፅ ጣትህ ከየት ያመጣዋል?" ሰዓቱ በሙሉ በመቃኘት ብቻ ያለቀበት ቀን ብዙ ነው። አባቴ ሊወስዱኝ ሲመጡ "ዛሬ ምን ተማረ?" ብለው ይጠይቃሉ። "ቃኘ" ይሏቸዋል። አባቴ ድሃ ነበሩና የከፈሉት ገንዘብ ያንገበግባቸው ነበር፤ ግን የመምህርን ቃል የሚመልሱ ሰው አልነበሩም። አንድ ቀን መምህሬ ክራሩን እንደ ልማዳቸው ተቀበሉኝ። ክሮቹን አንድ በአንድ ነካ ነካ አደረጓቸው። ከዚያ ሳያላሉት ደረታቸው ላይ አስጠግተው ረጅም ትዝታ ተጫወቱበት። ከዚያ ቀን በኋላ ክር ፈትተውብኝ አያውቁም።

ዛሬ እንዲህ የሚያደርገውን መምህር በሁለተኛው ሳምንት ታባርሩታላችሁ! እናንተ የምትቆጥሩት ዘፈን ነው። ወሩ ሲያልቅ "ልጁ ስንት ዘፈን ቻለ?" ትላላችሁ፤ ለዘመድ የሚላክ ቪዲዮ ትፈልጋላችሁ። መምህሩም የቤት ኪራይ አለበት። ልጁ እየቃኘ ሃያ ደቂቃ ቢያልፍ ገንዘቡን በከንቱ የወሰደ ይመስልበታል፤ ስለዚህ ክራሩን ከልጁ እጅ ይነጥቅና በአንድ ደቂቃ ቃኝቶ ይሰጠዋል። መምህራን ሆይ፣ ይህን የምላችሁ እንደ አባት ነው፤ በዚህ ጥፋት እናንተም አላችሁበት። የወላጅ ፊት አይታችሁ የተማሪውን ጆሮ አትሽጡ።

"ስልኬ ይቃኝልኛል" የሚሉኝ ወጣቶች አሉ። አዎ፣ ክሩ ሲመታ መርፌዋ ወደ መሃል ትመጣለች፣ አረንጓዴ መብራት ይበራል፤ በቃ ተቃኘ ይባላል። ስልኩ ግን የእናንተን ጉሮሮ አያውቅም። ክራር የሚቃኘው ለሚያንጎራጉረው ሰው ድምፅ ነው፤ ለወንዱ ዝቅ ይላል፣ ለሴቷ ከፍ ይላል፣ ጉንፋን ለያዘው ደግሞ ሌላ ነው። በዚያ ላይ ስልኩ የሚያውቀው ፒያኖ ኦክታቩን ለአሥራ ሁለት እኩል የከፈለበትን መንገድ ነው። የቀደሙት ክራር ተጫዋቾች የቃኟቸው ርቀቶች ሁልጊዜ ከዚያ ክፍፍል ጋር አይገጥሙም፤ ጥቂት ከፍ ወይም ጥቂት ዝቅ የምትለው ያቺ ድምፅ ናት የዜማውን ጣዕም የምትሰጠው። ቃኝታችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ በስልኩ ብታመሳክሩ አልከለክልም፤ ከባንድ ጋር ለሚጫወትማ ያስፈልገዋል። ስልኩን ያስቀደመ ሰው ግን ራሱ መጉረስ ሲችል እናቱ እንድታጎርሰው አፉን ከፍቶ እንደሚጠብቅ ልጅ ነው።

እኛ እኮ የቅዱስ ያሬድ ልጆች ነን። ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ ብሎ ዜማን የሠራልን አባት የተወልን ትምህርት በጆሮ የሚገባ ነው። የዜማ መጽሐፉ ድጓ ምልክት አለው፤ ሆኖም የዜማ ቤት ተማሪ ዛሬም ከመምህሩ ሥር ተቀምጦ፣ ከአፉ እየተቀበለ፣ እስኪታረም ድረስ እየደጋገመ ነው የሚማረው። ሲሳሳት ይመለሳል፤ ደግሞ ሲሳሳት ደግሞ ይመለሳል። በዚህ አገር ተወልዳችሁ "ጆሮዬ አይለይም" ስትሉኝ አዝናለሁ። በየሰንበቱ ቅዳሴ እየሰማችሁ ያደጋችሁ ልጆች፣ ጆሯችሁ መለየት የሚያቅተው ሥራ ስላልሰጣችሁት ነው።

ስለ ዕድሜ ሁልጊዜ ትጠይቁኛላችሁ። ፒያኖ ተጫዋቿ እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ በስድስት ዓመታቸው ስዊዘርላንድ ተልከው እዚያ ነው ቫዮሊንና ፒያኖ የጀመሩት። ዓለሙ አጋ ደግሞ አሥራ ሁለት ዓመት ገደማ ሲሆናቸው፣ በእንጦጦ ጎረቤታቸው ከነበሩት ከአለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል በገናን ተምረው፣ በኋላ ራሳቸው ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት በገና አስተማሪ ሆነዋል። አንደኛዋ ባሕር ተሻግረው፣ ሁለተኛው ጎረቤት ሄደው ጀመሩ፤ ስለዚህ ስለ ዕድሜውና ስለ ቦታው ብዙ አትጨነቁ። ልጁ ከስምንት ዓመት በታች ከሆነ ግማሽ ሰዓት ይበቃዋል። ቅዳሜ ለሁለት ሰዓት ከመቀመጥ በየቀኑ አሥራ አምስት ደቂቃ ይሻላል። ቫዮሊን ለልጅ ክንድ የሚሆን ትንንሽ መጠን ስላለው የአዋቂውን ገዝታችሁ "ያድግበታል" አትበሉ። ክራር ለሚጀምር ልጅ ጣት ከብረት ክር የናይለን ክር ይለሰልሳል። ኪቦርድ የምትገዙ፣ ቁልፎቹ የፒያኖን ስፋት የያዙና ለጣት ክብደት የሚመልሱ ይሁኑ። ከትናንሾቹ ጋር እናት ወይም አባት አብረው ይቀመጡ።

ወደ ነገሬ ልመለስ፤ ገና አልጨረስኩም። ክራሩ በየቀኑ አንድ ዓይነት አይደለም። አዲስ የናይለን ክር ለቀናት እየተሳበ ይላላል። ክረምት ሲገባ እርጥበቱ ቆዳውን ያለሰልሰዋል፣ ድምፁ ይታፈናል፤ ፀሐይ ላይ የተረሳ ክራር ደግሞ ቆዳው ይወጠርና ክሮቹ ሁሉ ቦታቸውን ይለቃሉ። ይህን የሚያውቀው በየቀኑ የሚቃኘው ሰው ብቻ ነው። መቃኘት የማይችል ልጅ ሰኞ ዕለት ክራሩን ቢያነሳው ድምፁ ይጎረብጠዋል። ምን እንደሆነ አያውቅም፤ "ዛሬ አልሆነልኝም" ብሎ ያስቀምጠዋል። ማክሰኞም እንዲሁ ነው። በሦስተኛው ወር እናትየው "ልጄ ፍላጎት የለውም" ብላ ትደውልልኛለች። ፍላጎትማ ነበረው! ከቅኝት የወጣ ክራር በየቀኑ እየተሰጠው ማን ፍላጎት ይኖረዋል? ተማሪ ለምን ያቋርጣል ብላችሁ ምክንያት የምትፈልጉ መምህራን፣ እኔ ያየሁት ትልቁ ምክንያት ይኸው ነው። የቤት ልምምድ የለም የምትሉት፣ ልጁ ቤቱ የሚለማመድበት የተቃኘ መሣሪያ ስለሌለው ነው።

ውጭ አገር ካሉት ልጆቻችን አንድ ነገር ተመልክቻለሁ። አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ዋሽንግተን ለምትኖር ልጅ በቪዲዮ ክራር ያስተምራል። ድምፁ እየዘገየ ስለሚደርስ አብረው መጫወት አይችሉም፤ እሱም እጁን ዘርግቶ ሊቃኝላት አይችልም። ያለው ምርጫ አንድ ነው፤ እሱ ያንጎራጉራል፣ እሷ ክሩን ታጠብቃለች፣ "ጥቂት ዝቅ፣ አሁን አለፈሽ፣ ተመለሽ" ይላታል። ባለፈው አጠገቡ ተቀምጬ ሰማኋት። አማርኛዋ የተሰባበረ ነው፤ ቅኝቷ ግን ንጹሕ ነበር። እዚሁ አዲስ አበባ፣ መምህሩ በአንድ ክንድ ርቀት የሚቀመጥላችሁ እናንተ፣ ከእሷ ወደ ኋላ ቀርታችኋል። ይህን ስጽፍ ተቆጥቼ ነው፤ ቁጣዬም ስለምወዳችሁ ነው።

በገና ለመማር የምታስቡትን ለብቻ ልናገር፤ ነገሩ በእናንተ ይብሳልና። ዳዊት በሳኦል ፊት የደረደረውን መሣሪያ እያሰባችሁ ስለምትመጡ ገና ከመጀመሪያው ቀን መዝሙር መዘመር ትፈልጋላችሁ። በገና አሥር አውታር አለው፤ ያ ጥልቅ ንዝረቱም ያለ እንዝራ አይመጣም። እንዝራዎቹ በአውታሩና አውታሩ በሚያርፍበት በርኩማ መካከል የሚገቡ ትንንሽ ቁራጭ ቆዳዎች ናቸው። በፀጉር ስፋት ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ቢንሸራተቱ ያ አውታር ንዝረቱን ያጣል፣ ድምፁ ደርቆ ይቀራል። አንዱን እንዝራ ቦታው ለማግባት ትዕግሥት ያለው ሰው እንኳ ላብ ያልበዋል። መምህሩ አሥሩንም አስተካክሎ ሲሰጣችሁ ታዲያ የበገናን ግማሽ ትምህርት እሱ ወስዶታል ማለት ነው።

በየዓመቱ ዐቢይ ጾም ሲገባ በገና ሊማር የሚመዘገበው ብዙ ነው፤ ትንሣኤ ሲያልፍ የሚቀረው ጥቂት ነው። ሄዶ የቀረው ሰው በገናው ቤቱ ውስጥ ተቀምጧል፤ እንዝራው ተንሸራትቷል፣ አውታሩ ላልቷል፣ እሱም እንዴት እንደሚመልሰው አያውቅም። በሚመጣው ጾም የምትጀምሩ ከሆነ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መዝሙር አትጠይቁ። መምህራችሁ እንዝራውን ሲያስተካክል አጠገቡ ቁጭ ብላችሁ እጁን ተመልከቱ፤ ሲጨርስ መልሶ እንዲያበላሸውና እናንተ እንድታበጁት ለምኑት። እሱ ጊዜ የለኝም ካላችሁ አመስግናችሁት ሌላ መምህር ፈልጉ።