በአንድ አልጋ ዙሪያ የተገናኙ ሁለት ተማሪዎች



ሰው ሲታመም ብቻውን አይታመምም። በአገራችን አንድ ሕመምተኛ ወደ ሐኪም ቤት ሲነሣ ቤቱም አብሮት ይነሣል፤ አንዱ ይሸከማል፣ አንዱ ገንዘብ ይበደራል፣ አንዱ ማሳና ከብት ለመጠበቅ ይቀራል፣ አንዱ ደግሞ ስንቅና ብርድ ልብስ ይዞ በአስታማሚነት ይከተላል። ስለዚህ በሕክምና ዙሪያ የሚነሣ የሥነ ምግባር ጥያቄ ስለ አንድ ሰው አካል ብቻ ሳይሆን ስለ አንድ ቤተሰብ ኑሮም የሚነሣ ጥያቄ ነው። በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው የፈለግነውም ከዚሁ የሚመነጭ ነው፤ ይኸውም፦ ድሀ ሕመምተኛ በማስተማሪያ ሆስፒታል ተኝቶ ለወጣት ሐኪሞች መማሪያ ሲሆን፣ በእርሱ ሕመም የተማሩት ለእርሱና ለቤተሰቡ ዕዳ አለባቸውን? ካለባቸውስ በምን ይከፈላል?

ጥያቄውን ከሩቅ አላመጣነውም። በጋምቤላ ክልል በስተደቡብ የምትገኘው ዲማ የብዙ ወገን መገናኛ ናት። ማሽላና በቆሎ የሚያመርተው፣ ዓሣ የሚያጠምደው አኙዋ፣ ከብት አርቢው ሱሪ፣ ከደጋ ወርቅ ፍለጋ የወረደው ወጣት በአንድ ገበያ ይተያዩባታል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በሱዳን ከተነሣው ጦርነት የሸሹ ብዙ ስደተኞችም በዚያው ሰፍረው ነበር። ወባው ብርቱ ነው፤ ሐሩሩም እንዲሁ። ቀላሉ ሕመም እዚያው ይታከማል፤ ሲከብድ ግን ጉዞው ወደ ደጋው ነው፦ ወደ ሚዛን አማን፣ ከዚያም ካለፈ ወደ ጅማ ወይም ወደ አዲስ አበባ። በሚዛን አማን የሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ፣ በጅማ የጅማ ዩኒቨርሲቲ፣ በአዲስ አበባ ደግሞ ጥቁር አንበሳ የሐኪሞች ማስተማሪያዎች ናቸው። እንግዲህ ከዲማ የሚወጣ ብርቱ ሕመምተኛ፣ ዐወቀውም አላወቀው፣ አልጋው የሚዘረጋው በተማሪዎች መካከል ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከዚያ አካባቢ የመጣች አንዲት እናት ልንጠይቅ ወደ አንድ ማስተማሪያ ሆስፒታል ሄደን ነበር። የምታስታምማት የዐሥራ ሦስት ዓመት ልጇ ነበረች። ልጅቱ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ ከእናቷ ትራስ ሥር አንድ ደብተር አስቀምጣለች። በማለዳ አንድ ከፍተኛ ሐኪም ከዐሥር ያላነሱ ተማሪዎችን አስከትሎ ገባ። «አስታማሚ ውጪ!» ተባለና ልጅቱ ወደ ኮሪደሩ ወጣች፤ እኛ ግን በለበስነው ልብስ ምክንያት ሳይሆን አይቀርም፣ ዝም ተባልን። ብርድ ልብሱ ተገለጠ። አንዱ ተማሪ ሆዷን ነካ፤ ቀጥሎ ሌላው፤ ቀጥሎም ሌላው። ንግግሩ ሁሉ በእንግሊዝኛ ነበር፤ ሴትዮዋ ደግሞ ከአኙዋ ቋንቋ በቀር አማርኛውን እንኳ በጥቂቱ ነው የምትሰማው። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ እስኪጨርሱ ጠበቀች። ሲወጡ ልጅቱ ሮጣ ገባችና እኛን ጠየቀችን፦ «አባ፣ ምን አሉ?»

መልስ አልነበረንም። የሕክምናውን ቃል አላወቅነውም፤ ደፍረንም አልጠየቅንም።

ያቺ ልጅ ወደ ሦስት ወር ለሚጠጋ ጊዜ ከአልጋው አልተለየችም። ውኃ ቀድታ እናቷን ታጥባለች፤ የመድኃኒት ማዘዣ ይዛ ከፋርማሲ ፋርማሲ ትዞራለች፤ ሌሊት እየተነሣች ታገላብጣታለች፤ ራሷ የምትተኛው ወለሉ ላይ ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ተማሪዎቹ በዚያ ክፍል የሚቆዩበት ወራት ተፈጸመ። እነርሱ ፈተናቸውን አልፈው ሄዱ፤ ልጅቱን ግን የዓመቱ ፈተና አለፋት። በአንድ አልጋ ዙሪያ ሁለት ዓይነት ተማሪዎች ተገናኝተው ነበር፤ አንዱ ወገን ትምህርቱን ከዚያ አገኘ፣ ሌላዋ ትምህርቷን እዚያ አጣች። ጥያቄያችን የተወለደው ከዚህ ነው።

በቅድሚያ ለሐኪሞቹ የሚገባውን እንስጥ። ሐኪም ከመጽሐፍ ብቻ አይወጣም። በዘመናዊው ሕክምና ታሪክ ስሙ የገነነው ካናዳዊው ዊልያም ኦስለር (1849–1919) ከሥራው ሁሉ አብልጦ እንዲታወስለት የተመኘው ተማሪዎችን በሕመምተኞች ክፍል ማስተማሩን ነበር። በአገራችንም እ.ኤ.አ. በ1954 በጎንደር የተመሠረተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተማሪዎቹን በቡድን ወደ ጤና ጣቢያዎች እየላከ አሠለጠነ፤ እ.ኤ.አ. በ1983 የተቋቋመው የጅማ ጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩትም ትምህርቱን ከኅብረተሰቡ ጋር በማያያዝ ታወቀ። ሕመምተኛ ሁሉ «ተማሪ አይንካኝ» ቢል ነገ የዲማን እናት የሚያክም ሐኪም ከየት ይመጣል? ደግሞም ብዙ ዐይን የሚያየው ሕመምተኛ አንዳንዴ አንድ ዐይን ያለፈው ነገር ይታይለታል። ስለዚህ መፍትሔው ተማሪውን ከአልጋው ማራቅ አይደለም።

እንዲያውም ከዚህ አልፈን እንላለን፦ ሌላው እንዲማር ቁስሉን የሚያሳይ ሰው ምጽዋት ይሰጣል። የሚሰጠውም ከትርፉ አይደለም። ባለጠጋው ለኮሌጁ ሕንፃ ቢሠራ ስሙ በድንጋይ ይቀረጽለታል፤ ያቺ እናት ግን ለማያውቋትና ወደፊትም ለማታያቸው ሰዎች ፈውስ የራሷን ሕመም ሰጠች። ነገር ግን ምጽዋት ምጽዋት የሚሆነው ሰጪው ሲሰጥ ነው። ሳይጠየቅ የተወሰደ ነገር፣ ለበጎ ዓላማ ቢውልም እንኳ፣ ስጦታ ሊባል አይችልም። ባለመጠየቃችን ሴትዮዋን የጎዳናት በኀፍረት ብቻ አይደለም፤ ለጋስ ልትሆን የምትችልበትን ዕድል ነፈግናት። ሰጪ ልትሆን የምትችለውን ሰው መማሪያ ዕቃ አደረግናት።

«ብትጠየቅስ እምቢ ትላለችን?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ ብዙዎቹ እምቢ አይሉም። ነገር ግን ለምን እንደማይሉ እንመርምር። ከሩቅ ተሸክመውት የመጡ ድሀ «እምቢ ብል ሕክምናው ይቀርብኛል» ብሎ ከፈራ፣ የሰጠው ፈቃድ የፍርሃት እንጂ የነፃነት አይደለም። እውነተኛ ፈቃድ እምቢታ ዋጋ የማያስከፍልበት ፈቃድ ነው። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 299 የታካሚ ፈቃድ እንዲጠየቅ ደንግጎ ነበር፤ ሕጉ መልካም ነው። ይሁን እንጂ በማይሰሙት ቋንቋ የተጠየቀ ፈቃድ፣ በወረቀት ላይ የጣት አሻራ ቢያርፍበትም፣ በኅሊና ፊት እንዳልተጠየቀ ይቆጠራል።

አሁን ወደ ልጅቱ እንመለስ። በአውሮፓ ብዙ ሆስፒታሎች ወላጅ የታመመ ልጁን በሳምንት ለጥቂት ሰዓት ብቻ እንዲያይ የሚፈቅዱበት ዘመን ነበር። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1959 በቀዶ ሐኪሙ በሰር ሃሪ ፕላት የተመራው ኮሚቴ የጠያቂ ሰዓት ገደብ ለሕፃናት እንዲነሣ፣ እናቶችም ከትንንሽ ልጆቻቸው ጋር ማደር እንዲችሉ ያሳሰበው ከዚህ የተነሣ ነው። በሆስፒታል የሚቆይ ልጅ ትምህርትም እንዲታሰብበት አመልክቷል። እነርሱ በሩን ዘግተው ኖረው መክፈትን ተማሩ። የእኛ በር ደግሞ ፈጽሞ ተዘግቶ አያውቅም፤ ያለ አስታማሚ ሥራው አይሄድምና። ስለዚህ የእኛ ጥፋት ሌላ ነው። አስታማሚን እናስገባዋለን፤ እንደ ቤተሰብ ግን አንቀበለውም። ሁሉ ነገር ይታዘዛል፤ ምንም ነገር አይነገረውም። መድኃኒት ግዛ ሲባል ቤተሰብ ነው፤ ምን ሆነች ብሎ ሲጠይቅ ግን መንገድ የዘጋ ሰው ይሆናል።

በማርቆስ ወንጌል የተጻፈውን የሽባውን ሰው ታሪክ እናስታውስ። አራት ሰዎች ተሸክመውት መጡ፤ ሕዝቡ በሩን ቢሞላው ጣራውን ከፍተው አወረዱት። ጌታችን በዚያ ጊዜ የተመለከተው የተኛውን ሰው ብቻ አልነበረም፤ የተሸካሚዎቹንም እምነት ተመለከተ። ፈውሱ የመጣው እነርሱን አስወጥቶ ሳይሆን እነርሱን አይቶ ነው። የሕሙማን ጠባቂ የምንለው ቅዱስ ካሚሎስ ዘሌሊስ (1550–1614) ደግሞ ራሱ በእግሩ ቁስል በሮም ሆስፒታል የተኛ ሰው ነበር፤ ከዚያ የተማረውን ይዞ ተከታዮቹ ሕመምተኛን እናት የታመመ አንድ ልጇን በምትንከባከብበት ፍቅር እንዲያገለግሉ አዘዘ። ልብ እንበል፤ ለባለሙያው አርአያ ተደርጋ የቀረበችው አስታማሚዋ ናት። እኛ ወደ ኮሪደር የምናስወጣት አስተማሪያችን ናት ማለት ነው።

ይህን ስንል በሐኪም ላይ ለመፍረድ አይደለም፤ እኛም ከዕዳው ነፃ አይደለንም። በዘርዐ ክህነት ሳለን ሕሙማንን እንድንጠይቅ እንላክ ነበር። ስለ ሕመምተኞቹ ዘገባ ጽፈን ከአለቆቻችን ነጥብ ተቀብለናል። ማጽናናትን የተለማመድነው በሰው ኀዘን ላይ ነው። የጻፍንላቸውን ሰዎች ተመልሰን የጠየቅን ግን ስንቶቻችን ነን? ማንኛውም በሰው የሚማር ሰው፣ ሐኪምም ሆነ ካህን ወይም መምህር፣ በድሆች ትዕግሥት የተገዛ ዕውቀት ይዞ ይኖራል።

ዕዳው በምን ይከፈል? «በአንድ ክፍል ሃምሳ ሕመምተኛ አለ፤ ጊዜ ከየት ይምጣ?» ይባላል። የሥራውን ክብደት አንክድም። ሆኖም በዚያው ክፍል ያየነው ሌላ ነገር ይመልስልናል። አንድ ቀን ወደ ማታ ከተማሪዎቹ አንዱ ብቻውን ተመልሶ መጣ። የአኙዋ ቋንቋ የምታውቅ የጽዳት ሠራተኛ ፈልጎ አስከትሏል። ከአልጋው ጎን ቁጭ ብሎ በእርሷ አፍ፦ «እናቴ፣ ነገ ከጓደኞቼ ጋር ሆድዎን ለማየት እንመጣለን፤ ይፈቅዱልናል?» አለ። ሴትዮዋ ጥቂት ዝም ብላ፦ «ልጄ ከጎኔ ትቁም» አለች። በማግሥቱ ልጅቱ አልወጣችም፤ የእናቷን እጅ ይዛ ቆመች፣ ሴትዮዋም ፊቷን ወደ ግድግዳው አላዞረችም። ይህ ሁሉ የፈጀው ከአንድ ሩብ ሰዓት አይበልጥም።

እንግዲህ የመጀመሪያው ክፍያ መጠየቅና መንገር ነው። ሁለተኛው ማስተማር ነው። ያቺ ልጅ በሦስት ወር ውስጥ ሕመምተኛ እንዴት እንደሚገላበጥ፣ ትኩሳት እንዴት እንደሚለይ በራሷ ተምራለች፤ ትምህርት ብሎ የጠራላት ግን የለም። ነርሷ ቁስል ማጽዳትን፣ መድኃኒት በሰዓቱ መስጠትን፣ የአደጋ ምልክትን ብታሳያት ኖሮ ከሕመምተኛዋ ጋር ዕውቀትም ወደ ዲማ ይመለስ ነበር። ለሐኪም የተሠራው ትምህርት ቤት ለአስታማሚም ትንሽ ቢከፈት ምን ይጎድልበታል?

ሦስተኛው የልጅቱ የራሷ ትምህርት ነው። ይህ የአንድ ተማሪ ሐኪም ዕዳ ሳይሆን የሁላችን ነው። ሆስፒታሉ በአስታማሚነት መቆየቷን የሚገልጽ ወረቀት ሊሰጣት ይችላል፤ ትምህርት ቤቱ ያንን አይቶ ያለፋትን ፈተና ሊያስፈትናት ይችላል። ቁምስናዎቻችን ደግሞ ከሩቅ የመጣ ሕመምተኛ መኖሩን ሲሰሙ ብርቱካን ይዞ ጠይቆ መመለስን ትተው በተራ ማስታመምን ሊለማመዱ ይገባል። አንዲት የማኅበር እናት በሳምንት ሁለት ሌሊት ብታድር፣ አንድ ቋንቋ አዋቂ ወጣት በማለዳው ዙር ጊዜ ቢገኝ፣ አንዲት ልጅ ደብተሯን ከትራስ ሥር ታወጣለች። «ሰው ለሰው መድኃኒቱ» የሚለው አነጋገራችን ይህ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?

ር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ እ.ኤ.አ. በ1984 ስለ ሥቃይ ትርጉም በጻፉት ሐዋርያዊ መልእክት የሰው ሥቃይ በሌላው ልብ ፍቅርን ለማንቃት እንደሚጠራ አስተምረዋል። በእርሳቸው ውሳኔ ከእ.ኤ.አ. 1993 ጀምሮ በየዓመቱ ፌብሩዋሪ 11 ቀን የዓለም የሕሙማን ቀን ይከበራል። በዚያ ቀን ለሕሙማን እንጸልያለን፤ ለሐኪሞችም እንዲሁ። ከአልጋው ሥር በወለሉ ላይ የምትተኛዋንም በጸሎታችን እንጥራት።

ሴትዮዋ በምርኩዝ እየሄደች ወደ ዲማ ተመለሰች፤ ምስጋና ለእግዚአብሔርና ለእነዚያ ሐኪሞች ይሁን። ልጅቱ በተከታዩ ዓመት ከታናናሾቿ ጋር ስድስተኛ ክፍልን ደገመች። ዛሬ ያ ተማሪ በአንድ ቦታ ሐኪም ሆኖ ይሠራ ይሆናል፤ ከእጁ ዕውቀት ውስጥም አንዱ ክፍል የዲማዋ እናት ነው። እኛም ይህን ስንጽፍ የልጅቱ ጥያቄ ከጆሮአችን አልወጣም። «አባ፣ ምን አሉ?» ብላን ነበር። በሚቀጥለው ጊዜ ይህን የምትጠይቅ ልጅ ስታጋጥመን፣ ቢያንስ አብረናት ሄደን እንጠይቅላት።