ሁለት በር ያለው ጂምናዚየም

ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ኒው ዮርክ ውስጥ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ነው የተሠራው። ከግቢው በስተምሥራቅ ቀጥ ብሎ የሚወርደው ተዳፋት የሞርኒንግሳይድ መናፈሻ ሲሆን፣ ከታች የጥቁር አሜሪካውያን ሰፈር ሃርለም አለ። ግቢው ሲጠብበው ዩኒቨርሲቲው ለጂምናዚየም የመረጠው ይህንኑ የሕዝብ መናፈሻ ነበር። አንድ ሄክታር የማይሞላውን መሬት እ.ኤ.አ. በ1961 ከከተማው አስተዳደር በዓመት በ3,000 ዶላር ተከራየ።

ሕጉን ከጠየቃችሁ እንከን የለውም፤ የግዛቱ ምክር ቤት ፈቅዷል፣ ለሰፈሩ ሰውም ድርሻ ተቆርሷል። ጣጣው ያለው ንድፉ ላይ ነው። ተማሪው ከላይ በግቢው በኩል ይገባል፤ የሃርለም ሰው ከታች በሌላ በር ገብቶ ከሕንፃው ጥቂቱን ይጠቀማል። የመሬቱ አቀማመጥ ያመጣው ነው ማለት ይቻል ይሆናል። በዘሩ ምክንያት በጓሮ በር ሲገባ ለኖረ ሕዝብ ግን ይህ መልስ አይዋጥለትም። ቁፋሮው የተጀመረው በየካቲት 1968 ነው። በእነዚያ ሰባት ዓመታት አገሩ ተለውጦ የሲቪል መብቶች ሕግ ወጥቷል፤ ሁለቱ በሮች ግን አልተነኩም። እኔ ከሁሉ የከፋ የምለው ጥፋት ይህን ነው።

ኤፕሪል 23 ቀን ተማሪዎች ጂምናዚየሙን ተቃውመው የዩኒቨርሲቲውን ሕንፃዎች መያዝ ጀመሩ (ዩኒቨርሲቲው በጦር ምርምር ያለው እጅም ሌላው ምክንያት ነበር)። ከሳምንት በኋላ ፖሊስ ገብቶ 700 ያህል ሰው አሰረ፤ የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ግሬሰን ኬርክ በዚያው ዓመት ነሐሴ ሥልጣን ለቀቁ። ግንባታው ተሰረዘ፣ ጉድጓዱም ከዓመታት በኋላ ኩሬና ፏፏቴ ሆነ። የሚገርመው፣ መናፈሻ የተቆፈረለት ጂምናዚየም በ1970ዎቹ ከራሱ ከግቢው መሬት ሥር ቦታ ተገኘለት። ቀድሞ ጠለቅ ብሎ የፈለገ ቢኖር ኖሮ!

በ2003 ዩኒቨርሲቲው እንደገና ጠበበኝ ብሎ ማንሃተንቪል ወደተባለው ሰፈር ሲሄድ ጠባዩን አሻሽሎ ነበር። 7 ሄክታር ገደማ ለሚሆነው አዲስ ግቢ ንድፉን አስቀድሞ ይፋ አደረገ፤ አጥር ሳይኖር የከተማው መንገዶች በመካከሉ እንዲያልፉ፣ የሕንፃዎቹ ምድር ቤትም ለሕዝብ ክፍት እንዲሆን አሰበ። ለአካባቢው ጥቅም 150 ሚሊዮን ዶላር ለመስጠትም ተዋዋለ። መሬታችንን አንሸጥም ያሉ ባለንብረቶች ግን መንግሥት ንብረታቸውን በካሳ እንዳይወስድባቸው እስከ ግዛቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ተከራክረው በ2010 ተረቱ። ከ1968ቱ በእጅጉ የተሻለ ነው፤ ፍትሐዊ ነበር ለማለት ግን አልደፍርም።